የጋራ ባላንጣ ወይስ የጋራ ሀብት? የጥቂት አገሮች ጥምረትና የኢትዮጵያ የንግድ መስመር

አሕጽሮተ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ የንግድ መስመር ዙሪያ ኢትዮጵያ የተሳተፈችባቸውን የጥቂት አገሮች ጥምረቶች በንጽጽር ይመረምራል። የኤደን ስምምነት (1981)፣ የሰንዓ ፎረም (2002) እና የአሥመራው የሦስትዮሽ መግለጫ (2018) በአንድ ወገን ይታያሉ። የኢትዮ ጅቡቲ ምድር ባቡርና የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች የያዛቸው ድርሻዎች በሌላ ወገን ይቀርባሉ፤ የላሙ ኮሪደርና የበርበራ ወደብ ድርሻ ደግሞ በሁለቱ መካከል ያሉ ጉዳዮች ናቸው። የጽሑፉ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ በጋራ ባላንጣ ላይ የቆመ ጥምረት ባላንጣው ሲለወጥ ይፈርሳል፤ በጋራ ሀብት ላይ የቆመ ግንኙነት ግን መሪዎችና መንግሥታት ቢለዋወጡም የመዝለቅ ዕድሉ የሰፋ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

ጁላይ 18 ቀን 2018 ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን አሥመራ ሲያርፍ፣ በሁለቱ አገሮች መካከል ለሃያ ዓመታት ተዘግቶ የቆየው የአየር መስመር ተከፈተ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሴፕቴምበር 5 ቀን፣ የኢትዮጵያ፣ የኤርትራና የሶማሊያ መሪዎች በአሥመራ ተገናኝተው ሁለንተናዊ ትብብር ለመመሥረት የሚያስችል የሦስትዮሽ መግለጫ ፈረሙ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን 2024፣ የቦሌና የአሥመራ በረራ ተቋረጠ። በቀጣዩ ወር፣ ኦክቶበር 10 ቀን፣ በዚያችው በአሥመራ ሌላ የሦስትዮሽ ጉባኤ ተካሄደ። የኤርትራና የሶማሊያ መንበሮች በቦታቸው ነበሩ፤ በኢትዮጵያ መንበር ላይ ግን ግብፅ ተቀምጣ ነበር።

ከሦስቱ አባላት ሁለቱን ይዞ ሦስተኛውን የቀየረው ይህ ጉባኤ አንድ ጥያቄ ያስነሣል። ጥቂት አገሮች የሚመሠርቱት ጥምረት አንዳንዴ በስድስት ዓመት ውስጥ ተገልብጦ በቀድሞ አባሉ ላይ የሚዞረው፣ አንዳንዴ ደግሞ ዘመናትን የሚሻገረው ለምንድን ነው?

ጥያቄው ለዲፕሎማሲ ታሪክ ብቻ የሚተው አይደለም። በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ የሚገኘውና በ2014 ሥራ የጀመረው የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ የቆመው ጨርቅና ሌላ ጥሬ ዕቃ ከባሕር ማዶ አስገብቶ፣ ልብስ ሰፍቶ ወደ ውጭ ገበያ በመላክ ላይ ነው። የዚህ ዓይነት ፋብሪካ ትርፍ በመርከብ ኪራይ፣ በወደብ ቆይታና በመድን ዋጋ ይወሰናል። በኖቬምበር 2023 የየመን ሁቲ ኃይሎች በቀይ ባሕር የንግድ መርከቦችን ማጥቃት ሲጀምሩ ታላላቅ የመርከብ ኩባንያዎች መስመራቸውን ቀይረው በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዞሩ። ከቦሌ ለሚ ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል ወደ አውሮፓ የሚጫን ኮንቴይነር አጭሩ መንገድ የባብ ኤል መንደብን ወሽመጥ አቋርጦ ነውና፣ በወሽመጡ ላይ የሚደርሰው ሁሉ እስከ ስፌት መኪናው ድረስ ይሰማል። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የወጪና ገቢ ንግዷ በአንድ ጎረቤት ወደብ በኩል ለሚያልፍ፣ የራሷ የባሕር በር ለሌላት አገር፣ ከማን ጋርና በምን መሠረት መተባበር እንዳለባት ማወቅ የኑሮ ጉዳይ ነው።

2. ጽንሰ ሐሳባዊ መነሻ

በዓለም አቀፍ ግንኙነት ጥናት ሚኒላተራሊዝም በመባል የሚታወቀው አሠራር በዚህ ጽሑፍ «የጥቂቶች ጥምረት» ተብሏል። ሐሳቡን በሰፊው ካስተዋወቁት አንዱ ሞይሴስ ናይም ሲሆኑ፣ በ2009 ባቀረቡት ጽሑፍ አንድን ችግር ለመፍታት መሰብሰብ ያለበት ዓለም ሁሉ ሳይሆን፣ ከፍተኛውን ለውጥ ለማምጣት የሚበቃው አነስተኛው የአገሮች ቁጥር ነው ሲሉ ተከራክረዋል። ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ተስፋፍቷል። አውስትራሊያ፣ ብሪታንያና አሜሪካ በ2021 ያቋቋሙት ኦከስ፣ እንዲሁም ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀር በ2023 የመሠረቱት የሳህል አገሮች ጥምረት ለዚህ በቂ ማሳያ ናቸው።

የኃያላን ፉክክር ይህን አሠራር በሁለት መንገድ ያበረታታል። አንደኛ፣ ፉክክሩ ሰፊ ድርጅቶችን ያሽመደምዳል። በመግባባት ድምፅ የሚወስን ድርጅት አባላቱ ለተለያዩ ኃያላን ሲያድሩ ወደ ውሳኔ መድረስ ይሳነዋል። የምሥራቅ አፍሪካ የልማት በይነ መንግሥታት ድርጅት (ኢጋድ) ለዚህ ቅርብ ምሳሌ ነው፤ ኤርትራ በ2007 አባልነቷን ባቋረጠች ጊዜ ድርጅቱ የቀይ ባሕርን ረጅም ዳርቻ የያዘ አባሉን አጥቷል። ሁለተኛ፣ ፉክክሩ ለትንንሽ አገሮች ገዢ ያበዛላቸዋል። ወደብ፣ የጦር ሰፈርና የመንገድ ውል የሚፈልጉ ኃያላን ሲበዙ፣ ሁለትና ሦስት ሆኖ መደራደር ብቻውን ከመደራደር የተሻለ ዋጋ ያስገኛል።

ሆኖም ጥቂት መሆን በራሱ ጥንካሬ አይደለም። ጥምረቱን አጣብቆ የያዘው ነገር ምንነት ወሳኝ ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለት ዓይነት ማጣበቂያዎችን ይለያል። የመጀመሪያው የጋራ ባላንጣ ነው፤ አባላቱ የሚሰበሰቡት አንድን ሌላ ወገን ለመግታት ነው። ሁለተኛው የጋራ ሀብት ነው፤ አባላቱ ግንኙነቱ ቢፈርስ ሁሉም የሚያጡት የሚዳሰስ ነገር፣ ማለትም ሐዲድ፣ ወደብ፣ መንገድ ወይም ኩባንያ አላቸው። የልዩነቱ መለኪያ «የመውጫ ዋጋ» ነው፤ አንድ አባል ጥሎ ሲወጣ ከኪሱ የሚጎድለው ምን ያህል ነው ማለት ነው። ከጋራ ባላንጣ ጥምረት የሚወጣ አባል አንዳንዴ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም፤ ባላንጣውም ሊገዛው ይችላልና።

3. ታሪካዊ ዳራ፦ በኢትዮጵያ ላይ የተደረገ የሦስትዮሽ ውል

ኢትዮጵያ ከጥቂቶች ጥምረት ጋር የተዋወቀችው በአባልነት ሳይሆን በተነጋጋሪነት ሳትቀርብ በተነጋገሩባት ጊዜ ነው። ዲሴምበር 13 ቀን 1906 ብሪታንያ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን በለንደን የፈረሙት የሦስትዮሽ ውል፣ በቃል የኢትዮጵያን ሉዓላዊነት እያከበረ በተግባር አገሪቱን በጥቅም ቀጣና ከፋፍሏል። ከውሉ ዋና ጉዳዮች አንዱም የንግድ መስመር ነበር፤ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ የደረሰው ሐዲድ እስከ አዲስ አበባ እንዲዘልቅ ለፈረንሳይ ተተወ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ያለው ደግሞ ለብሪታንያ ተጠበቀ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮች ይወሰዳሉ። የመጀመሪያው፣ ከጥምረት ውጭ የሚቀር አገር የጥምረቱ ርእስ ሊሆን መቻሉ ነው። ሁለተኛው፣ ውሉ የተፈረመባቸው የቅኝ ግዛት ስሌቶች ሲያልፉ በ1917 አዲስ አበባ የገባው ሐዲድ ግን መቅረቱ ነው።

4. በጋራ ባላንጣ ላይ የቆሙ ጥምረቶች

4.1 የኤደን ስምምነት። በኦገስት 1981 ኢትዮጵያ፣ ሊቢያና ደቡብ የመን በኤደን የወዳጅነትና የትብብር ስምምነት ፈረሙ። ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ነበር። ሶቪየት ኅብረት ከሶማሊያ ተባርራ በርበራን በ1977 ስትለቅ፣ አሜሪካ ደግሞ በ1980 ከሶማሊያ ጋር ባደረገችው ስምምነት በዚያው ወደብ የመጠቀም መብት አግኝታ ነበር። ሦስቱን ፈራሚዎች ያሰባሰበው በአሜሪካና በአካባቢው ወዳጆቿ ላይ ያላቸው የጋራ ጥላቻ ነው። ሊቢያ ገንዘብ፣ ደቡብ የመን ወሽመጡን የሚያይ ወደብ፣ ኢትዮጵያ ሰፊ ሠራዊት ነበራቸው፤ ሦስቱ በጋራ የያዙት አንድም ሐዲድ ወይም ኩባንያ ግን አልነበረም። በጃንዋሪ 1986 የደቡብ የመኑ መሪ ዐሊ ናስር ሙሐመድ በእርስ በርስ ውጊያ ከሥልጣን ተወገዱ፤ በ1990 ደቡብ የመን ራሷ ከሰሜኑ ተዋሕዳ ቀረች፤ በ1991 ደርግ ወደቀ። ስምምነቱን ለመቀጠል የሚያስገድድ የጋራ ጥቅም ስላልነበረ አፍራሽ ሳያስፈልገው ፈረሰ።

4.2 የሰንዓ ፎረም። በ2002 የኢትዮጵያ፣ የሱዳንና የየመን መሪዎች በሰንዓ ተገናኝተው የትብብር ፎረም መሠረቱ። በይፋ የተነገረው ዓላማ የኢኮኖሚና የጸጥታ ትብብር ነበር። ሦስቱም ግን ከአንድ ጎረቤት ጋር የተቃቃሩ ነበሩ፤ የመን በ1995 በሐኒሽ ደሴቶች ከኤርትራ ጋር ተዋግታለች፤ ኢትዮጵያ ከ1998 እስከ 2000 የዘለቀውን ጦርነት ገና መጨረሷ ነበር፤ ሱዳንም ከኤርትራ ጋር የነበራት ግንኙነት ሻክሮ ቆይቷል። አሥመራ ፎረሙን እንደ ከበባ መመልከቷ አያስገርምም። ፎረሙ ቀስ በቀስ ቢደበዝዝም፣ ያበቃለት ከ2011 ሕዝባዊ ዐመፅ በኋላ የመን ወደ ጦርነት ስትገባ ነው።

4.3 የአሥመራው መግለጫ። የ2018ቱ መግለጫ ከቀደሙት ሁለቱ የተለየ ተስፋ ይዞ ነበር፤ የሦስት ባላንጣዎች ዕርቅ እንጂ የሦስት ወዳጆች ከበባ አልነበረምና። መግለጫው ትብብሩን የሚያስተባብር የጋራ ከፍተኛ ኮሚቴ እንዲቋቋም ይላል። ነገር ግን በመሪዎች መልካም ግንኙነት ላይ እንጂ በንብረት ላይ አልተመሠረተም። የአሰብና የምጽዋ ወደቦችን የጋራ አጠቃቀም የሚደነግግ፣ ሦስቱ ያዋጡበት ድርጅት አልተወለደም። የቦሌና የአሥመራ በረራም ቢሆን አንዱ የሚሰጠው፣ ሌላው የሚፈቅደው አገልግሎት እንጂ የሁለቱ የጋራ ሀብት አልነበረም። ከኖቬምበር 2022ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ የአዲስ አበባና የአሥመራ መንገድ ሲለያይ፣ በሞቃዲሾም በዚያው ዓመት አስተዳደር ሲለወጥ፣ ጥምረቱን የሚይዝ ነገር ጠፋ። ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ኢትዮጵያ ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ስትፈራረም ሶማሊያ ፊቷን ወደ ካይሮ አዞረች፤ በኦገስት ከግብፅ ጋር የወታደራዊ ትብብር ስምምነት ተፈራረመች። በመግቢያው የተጠቀሰው የኦክቶበር ጉባኤ የዚህ ሂደት መደምደሚያ ነው። በሥነ አመክንዮው ግን አዲስ አይደለም፤ በ2002 በኤርትራ ዙሪያ የተቀመጠው የጉባኤ ጠረጴዛ በ2024 በኢትዮጵያ ዙሪያ ተቀመጠ። ይህ ጥምረትም በተመሳሳይ ማጣበቂያ የተያዘ እስከሆነ ድረስ ለተመሳሳይ ዕጣ የተጋለጠ ነው።

5. በጋራ ሀብት ላይ የቆሙ ግንኙነቶች

5.1 ምድር ባቡር። የኤደን ስምምነት በተፈረመበት በ1981፣ ኢትዮጵያና ነጻነቷን ካገኘች አራት ዓመት የሆናት ጅቡቲ የቀድሞውን የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር እኩል ድርሻ ወዳላቸው የጋራ ድርጅት አዛወሩ። ሁለቱ ስምምነቶች የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው፤ ዕድሜያቸው ግን አልተመሳሰለም። የባቡሩ ግንኙነት የንጉሠ ነገሥቱን መውደቅ፣ ድልድዮቹ የፈረሱበትን የ1977–78 የኦጋዴን ጦርነት፣ የደርግን መውደቅና የጅቡቲን ከቅኝ ግዛት ወደ ሉዓላዊ አገርነት መሸጋገር አልፏል።

አሮጌው መስመር በጥገና እጦት ቢዳከምም ሁለቱ አገሮች ግንኙነቱን አልተዉም። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር በ2016 ተመርቆ በጃንዋሪ 2018 መደበኛ የንግድ አገልግሎት ጀመረ። በአክሲዮን ማኅበሩ ውስጥ የኢትዮጵያ ድርሻ 75፣ የጅቡቲ 25 በመቶ ነው። መስመሩን በመጀመሪያ ያንቀሳቅሱ የነበሩት የቻይና ኩባንያዎች በ2024 ሥራውን ለአክሲዮን ማኅበሩ አስረክበዋል።

ከአሰብ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ከኤርትራ ነጻነት በኋላ ኢትዮጵያ በአሰብ የምትጠቀመው በስምምነት እንጂ በጋራ ባለቤትነት አልነበረም። በ1998 ጦርነቱ ሲፈነዳ የአሰብ መስመር ተዘጋ፤ ጭነቱም ወደ ጅቡቲ ዞረ።

5.2 የአየር መስመር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሌሎች አገሮች የያዛቸው ድርሻዎች በጥብቅ አነጋገር የመንግሥታት ጥምረት አይደሉም፤ ስለ ማጣበቂያው ዓይነት ግን ያስተምራሉ። አየር መንገዱ መቀመጫውን ሎሜ ባደረገውና በ2010 በረራ በጀመረው አስካይ ድርሻ አለው። በ2013 በተቋቋመው የማላዊ አየር መንገድ 49፣ በ2021 እንደገና በረራ በጀመረው የዛምቢያ አየር መንገድ 45 በመቶ ይዟል። በማላዊና በዛምቢያ ኩባንያዎች አብላጫውን የያዘው አስተናጋጁ አገር ነው። በዚህ አደረጃጀት ቦሌ ማእከል ሆኖ ሲያገለግል ሎሜ፣ ሊሎንግዌና ሉሳካም የራሳቸው ባንዲራ የተሳለበት አውሮፕላን አላቸው። በማርች 2020 ከቻይና የተለገሰው የኮቪድ 19 መከላከያ ቁሳቁስ ቦሌ አርፎ ለአፍሪካ አገሮች ሲከፋፈል፣ የተገነባው መረብ ከንግድ ያለፈ ጥቅም እንዳለው ታይቷል።

6. በመካከል ያሉ ጉዳዮች፦ ላሙና በርበራ

ሀብት መኖሩ ብቻ በቂ አለመሆኑን ሁለት ጉዳዮች ያሳያሉ። የመጀመሪያው በማርች 2012 የኬንያ፣ የኢትዮጵያና የደቡብ ሱዳን መሪዎች በላሙ ያስጀመሩት ላፕሴት የተባለው ኮሪደር ነው። በዲሴምበር 2013 ደቡብ ሱዳን ወደ ጦርነት ገባች። የላሙ ወደብ የመጀመሪያ ማረፊያ ሥራ የጀመረው በሜይ 2021 ነው። ከኮሪደሩ ጎልቶ የወጣው ኬንያና ኢትዮጵያ በየድርሻቸው የሠሩት የሞያሌ መንገድና በዲሴምበር 2020 የተመረቀው የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ ነው። ሦስቱ ሲጠብቁ ሁለቱ የሠሩት ቀረ።

ሁለተኛው በርበራ ነው። በማርች 2018 በተገለጸው ስምምነት ከወደቡ የዱባዩ ዲፒ ወርልድ 51፣ ሶማሌላንድ 30፣ ኢትዮጵያ 19 በመቶ እንዲይዙ ታቀደ። የሶማሊያ ፌዴራል መንግሥት ስምምነቱን ወዲያው ውድቅ አደረገ። በ2022 ደግሞ ኢትዮጵያ የሚጠበቅባትን ባለማሟላቷ ድርሻዋን እንዳጣች የሶማሌላንድ ባለሥልጣናት አስታወቁ። የበርበራ ድርሻ በወረቀት ላይ የጋራ ሀብት ነበር፤ ነገር ግን ያልተከፈለበት ድርሻ የመውጫ ዋጋ የለውም። ከዚህም በላይ የባለቤትነት ጥያቄ ያለውን ወገን ከጠረጴዛው ያራቀ ስምምነት በመሆኑ፣ ሀብቱ ራሱ ባላንጣ ፈጥሯል።

7. የኃያላን ሚናና ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

ለዚህ ትንታኔ ቢያንስ ሁለት ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። አንደኛው፣ የጋራ ሀብት የተባለው ራሱ የኃያላን ሥራ ነው የሚል ነው። እውነትም የአዲሱ ባቡር ወጪ አብዛኛው ከቻይና የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ የተገኘ ብድር ነው፤ ጅቡቲም የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የጃፓን፣ የጣሊያንና ከ2017 ጀምሮ የቻይና የጦር ሰፈሮችን ታስተናግዳለች። ልዩነቱ የሚመጣው ኃያሉ ከሄደ በኋላ በሚቀረው ነገር ነው። ሶቪየት ኅብረት ከአካባቢው ስትወጣ ከኤደን ስምምነት የቀረ ነገር የለም፤ ከፈረንሳይ ዘመን ግን ሐዲድ ቀርቷል። ብድር ሸክም መሆኑ ባይካድም፣ የተጋራ ሸክምም ተበዳሪዎቹን ያስተሳስራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የጅቡቲ ግንኙነት የጸናው በአማራጭ እጦት ነው የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ ግማሽ እውነት አለው። በ1998 ኢትዮጵያ ወደ ጅቡቲ የዞረችው ተገድዳ ነው። ነገር ግን እጦት ብቻ ግንኙነትን አያጸናም፤ አሰብም በጊዜው አማራጭ የማይገኝለት ይመስል ነበር። ጅቡቲ በፌብሩዋሪ 2018 የዶራሌን የኮንቴይነር ተርሚናል የሚያስተዳድረውን የዲፒ ወርልድ ውል በራሷ ውሳኔ ማቋረጧም፣ ባለ ወደብ አገር ውልን ማፍረስ ሲፈልግ እንደሚችል ያሳያል። በተርሚናሉ ውል ላይ ያደረገችውን በባቡሩ ላይ ብታደርግ ግን የጠፋው የራሷም ድርሻ ይሆናል።

ከጥምረት ውጭ የመቅረት አደጋም ሊታሰብበት ይገባል። ጃንዋሪ 6 ቀን 2020 በሪያድ ስምንት አገሮች የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ አገሮችን ምክር ቤት ሲያቋቁሙ፣ ዳርቻ የሌላት ኢትዮጵያ አባል አልሆነችም። ከ1906 በኋላም በንግድ መስመሯ ላይ ያለ እርሷ መወያየት ይቻላል ማለት ነው። በአንጻሩ ዲሴምበር 11 ቀን 2024 በቱርክ አደራዳሪነት ኢትዮጵያና ሶማሊያ ያወጡት የአንካራ መግለጫ፣ የኢትዮጵያን አስተማማኝ የባሕር መዳረሻና የሶማሊያን የግዛት አንድነት በአንድ ሰነድ ላይ አስቀምጧል። ሰነዱ ባለቤቱን ወደ ጠረጴዛው በመመለሱ የበርበራን ስሕተት ያርማል፤ ክፍያና ድርሻ ያለው ድርጅት እስካልወለደ ድረስ ግን የአሥመራው መግለጫ ወንድም ሆኖ ይቀራል።

8. ማጠቃለያ

ከቀረቡት ጉዳዮች የሚወጣው መደምደሚያ ኢትዮጵያ ከጥቂቶች ጥምረት ትራቅ የሚል አይደለም። ሰፊ ድርጅቶች በኃያላን ፉክክር በተያዙበት ዘመን ሁለትና ሦስት ሆኖ መሥራት ግድ ነው። ጥያቄው ጥምረቱ በምን ላይ ይቁም የሚለው ነው። ንጽጽሩ አራት መመዘኛዎችን ይጠቁማል፦ አባላቱ ሁሉ የከፈሉበት የጋራ ሀብት መኖር፤ መሪ ሲለወጥ የማይለወጥ ቋሚ ድርጅት መኖር፤ በሀብቱ ላይ የባለቤትነት ጥያቄ ያለው ወገን ከጠረጴዛው አለመራቅ፤ ገንዘቡን ያቀረበው ኃያል ሲወጣ ሥራውን ተረክቦ የመቀጠል አቅም። ጅቡቲን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘው ባቡር አራቱንም በተለያየ መጠን ያሟላል። የኤደን፣ የሰንዓና የአሥመራ ሰነዶች የመጀመሪያውን እንኳ አላሟሉም።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ብሂል የትብብርን ኃይል ለማሳየት ዘወትር ይጠቀሳል። በቀይ ባሕር አካባቢ የተሸረቡት ድሮች ብዙውን ጊዜ ሲያብሩ አንበሳውን ብቻ አይተዋል፤ አንበሳው ሲሄድም ድሩ ተበጣጥሷል። ወደፊት የሚደረጉ ጥናቶች የባቡሩን አክሲዮን ማኅበር የውሳኔ አሰጣጥና የአየር መንገዱን የድርሻ ውሎች በዝርዝር ቢመረምሩ፣ ድርን ያለ አንበሳ አጽንቶ የሚይዘው ምን እንደሆነ ይበልጥ ይገለጣል። በቦሌ ለሚ ለሚሰፋው ልብስም ሆነ በቦሌ ለሚጫነው ጭነት የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ድር ነው።